አርባ አንዱ እርማት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ከቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

የኔ ጠያቂ፣ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደኅና ነኝ። ከደኅናም በላይ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠብሽ አትደንግጪ፤ ሕመም አይደለም። ደስታ ይመስለኛል። ደስታ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውኃ ጠጥቻለሁ፤ አልለቀቀኝም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። አጭር ናት፤ በቃሌ ይዣታለሁ። «አባዬ፣ ስለ ሊፍቱ የጻፍኩት ታሪክ መጽሐፌ ውስጥ ሊገባ ነው። ያኔ የላክህልኝ አርባ አንድ እርማት አሁንም እጄ ላይ አለ። እንዳለ ይታተም? ላርመው? ወይስ ላውጣው? ማተሚያ ቤቱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይጠብቀኛል።» ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በትንሿ ወረቀት ላይ አራት መስመር። ለዓመቱ አንድ መስመር ደረሰኝ ማለት ነው። (ቀልዴ ነው። አየሽ፣ አሁንም እቀልዳለሁ።)

የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ትምህርት ላይ ስለነበርኩ ነው።

አዎ፣ ትምህርት። አባትሽ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ደብተር ገዝቷል። ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ሰማያዊ። ጀርባው ላይ ስሜን ስጽፍ ክፍል ስንት ብዬ እንደምሞላ ጨነቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ወር በፊት የዚህን ቤተ መጻሕፍት ሊፍት ልጠግን መጣሁ። በሩ አጠገብ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «አጭር ልቦለድ እንዴት ይነበባል? ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት፤ ለሁሉም ክፍት ነው።» መፍቻዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያሰብኩትን ልንገርሽ፤ ዛሬ ሁሉንም ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። «ሕጉን ልወቅና በሕጉ ልርታት» ነው ያልኩት። ለአርባ አንዱ እርማት አርባ ሁለተኛ ምስክር ልፈልግ ነው የመጣሁት።

ሰባት ነን። መምህራችን ያንቺ እኩያ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ ካለነው ሁሉ ታናሽ። መጀመሪያ ቀን «አባባ» አለችኝ። «ጋሼ በዪኝ፤ አባባ ለመባል ገና ፈተናውን አላለፍኩም» አልኳት። አጠገቤ የሚቀመጠው ጸጉር አስተካካይ ነው። እኔን «መሐንዲሱ» ይለኛል፤ መሐንዲስ እንዳልሆንኩ ዐሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ። ከፊታችን አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ። እትዬ እንላቸዋለን። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሌላው ሲያወራ ዝም ብለው የጃኬታችንን ስፌት ይመለከታሉ።

አሁን ያወቅኩትን ልንገርሽ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግድ የለም፣ ስሚኝ።

መቼት! ታሪኩ መቼ፣ የት እንደሆነ። ሴራ፦ አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንደጎተተው። ጡዘት፦ የሚሽከረከር ነገር ፍጥነቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የቆመ የሚመስልበት ጊዜ። ይህን ስትነግረን ከወንበሬ ተነሣሁ። ሞተር እንደዚያ ነው! በሙሉ ፍጥነቱ ሲዞር ዐይንሽ ዝም ያለ ይመስለዋል፤ እጅሽን ብትሰጂው ግን ይወስደዋል። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ገብቶዎታል» አለችኝ።

ንግር ደግሞ። ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ በሹክሹክታ የሚናገር ነገር። ሊፍት ከመቆሙ ከሳምንት በፊት ድምፁን ይቀይራል፤ እኛ እንሰማዋለን፣ ተሳፋሪው አይሰማውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ንግር ስሰማ ኖሬ ስሙን አላውቀውም ነበር! ልብ ሰቀላን ያስረዳን ጸጉር አስተካካዩ ነው። «የደንበኛዬን ግማሽ ጺም ላጭቼ ስልክ ሲደወልልኝ፣ መስታወት ውስጥ የሚያየኝ ዐይን አለ አይደል? እሱ ነው» አለ። መምህሯ እስክታለቅስ ሳቀች።

ቃላቱን በትናንሽ ወረቀት ጽፌ በየሞተር ክፍሉ እለጥፋለሁ። ገበያ አዳራሹ አናት ላይ «ምልሰት» አለ። የባንኩ ሕንፃ ላይ «ጭብጥ»። ሥራ ስገባ አነባለሁ፣ ስወጣ አነባለሁ። አዲሱ ረዳቴ አዲስ የደኅንነት መመሪያ የወጣ መስሎት ገልብጦ ወሰደው።

ከደረቁ ስያሜ ሌላ በምናነባቸው ታሪኮች ውስጥ የሚያጋጥሙን ከበድ ያሉ ቃላትም አሉ። መምህሯ ለእያንዳንዱ ከገዛ ሕይወታችን አንድ ዐረፍተ ነገር እንድንሠራለት ታዘናለች። የኔን ልጻፍልሽ።

ማመንታት፦ ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል አመነታ።
መታከት፦ የብረት ገመዱ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ታከተ።
ሰቀቀን፦ …

ይህን ባዶ ተውኩት። አልመጣልኝም። መምህሯ ደብተሬን ስታይ ቆየችና ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ጋሼ፣ ሕይወትዎ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ተመልሻለሁ።

ወደ እርማቱ ልግባ። ታሪክሽ የወጣበት መጽሔት ከአራት ዓመት በፊት በፖስታ ሲደርሰኝ ምን እንዳደረግኩ አታውቂም። ወረቀቱን ብቻ ነው ያየሽው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩት፣ ቀይ እርሳስ ቀረጽኩ፣ እንደ ፍተሻ ቅጽ ሠራሁት፦ የታየ ጉድለት፣ የታየበት ቦታ፣ መደረግ ያለበት። ቁጥር 1፦ የሆስፒታሉ ግድግዳ አረንጓዴ አልነበረም። ቁጥር 3፦ ሊፍቱ ስምንት ሰው እንጂ ዐሥር ሰው አይጭንም። ቁጥር 8፦ ገመድ አይጮኽም፤ የሚጮኸው ሐዲዱ ነው። አርባ አንድ። በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ታመሰግኚኛለሽ ብዬ ነበር። በየቀኑ የፖስታ ሣጥኑን እከፍት ነበር። ሌላ አባት ቢሆን «ጎበዝ» ይል ነበር። እኔ የማውቀው የፍቅር ቋንቋ ፍተሻ ነው፤ የማልፈትሸው ሊፍት የማልወደው ሊፍት ነው። (ይህን መስመር ልሰርዘው አሰብኩ። መሰረዙ ይቅር፣ ይኑር።)

ከዚያ ዝም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ዝምታ ሲገናኝ ማን ይጀምራል?

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ። ተራው የኔ ነበር፤ እያንዳንዳችን አንድ ታሪክ እናመጣለን። ያንቺን ወሰድኩ። ስምሽን በወረቀት ሸፍኜ አባዛሁት። ለምን እንደሸፈንኩ አትጠይቂኝ። ወይም ጠይቂኝ፤ «ጠያቂ» የምልሽ ለዚሁ ነው።

መምህሯ «ታሪኩን በራሳችሁ ቃል ካልነገራችሁኝ ገባን አትበሉ» ትላለች። ስለዚህ ያንቺኑ ታሪክ ለራስሽ ልንገርሽ። አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለች። ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ። እናቷ ተኝታለች፣ አትነሣም። አባቷ የዚያው ሆስፒታል የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ካለው የሞተር ክፍል ገብቷል። እናትየው «አባትሽ መጣ?» ትላለች። ልጅቷ «ሊፍቱን እየሠራ ነው» ትላለች። እናትየው «እሱ ከያዘው ይሠራል» ትላለች። ደግማ ትጠይቃለች፤ ልጅቷ ያንኑ ትመልሳለች። ሦስተኛ አትጠይቅም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቷ እየሮጠ ይገባል። የአልጋውን አንሶላ በሁለት እጁ ይጨብጣል። የመጨረሻው መስመር፦ «ሲለቀው አንሶላው ነጭ ነበር።»

ጸጉር አስተካካዩ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሲጨርስ ቀና አልኩ። መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበረች፤ እሷን አየሁ።

«እኔ ያዘንኩት ለአባትየው ነው» አለ እሱ፣ ወረቀቱን አስቀምጦ። «ሥራ ነው፤ ምን ያድርግ? ሕመምተኛ የሚወጣበት ሊፍት ቆሞ ጥሎት ይምጣ?»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ሥራ? አልሠራም እኮ።»

«እንዴ! ልጅቷ ‹እየሠራ ነው› እያለች?»

«ልጅቷማ አለች። አንሶላው ግን አላለም።»

«አንሶላ ምን ይላል ደግሞ?»

«ከሰዓቱን ሙሉ ሞተር ሲፈታ የዋለ ሰው ነጭ አንሶላ ጨብጦ ምንም ሳያስቀር ይለቃል? አንድ ጣት? አንድ ጥቁር ነጥብ?»

«ታጥቦ ይሆናላ!»

«እየሮጠ የመጣ ሰው? ሚስቱ እየሞተችበት ቆሞ በሳሙና ሲፈትግ ታየህ? አንተ ደግሞ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ አታጥበው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልጄ፣ እኔም ሳቅኩ።

«ሠላሳ ዓመት ነጭ ጨርቅ ሰፍቻለሁ» አሉ እትዬ። «ነጭ ጨርቅ ምስጢር አይጠብቅም። ልጅቷ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን አባቷን አደባባይ ላይ አላወጣችውም። በዚያው አንሶላ ሸፈነችው።»

መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ተራኪዋ የምታውቀው፤ ተራኪዋ የምትናገረው። መካከላቸው ረጅም መስመር አሰመረች። «አጭር ልቦለድ እዚህ ውስጥ ነው የሚኖረው» አለች፣ መስመሩን በጠመኔ እየመታች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ታሪኩን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ሙያውም የእርስዎ ነው። ምን ይላሉ? አባትየው የት ነበር?»

ያልኩትን ልጻፍልሽ። «እጅ ሳይቆሽሽ የሚሠራ ጥገናም አለ» አልኩ። «ለምሳሌ በሩ መዘጋቱን ለሞተሩ የምታሳውቅ ትንሽ መዳብ አለች። አቧራ ሲይዛት ሊፍቱ ይቆማል። በጨርቅ ትጠረጋለች። በቃ።»

«ይኸው!» አለ ጸጉር አስተካካዩ ጠረጴዛውን መትቶ። «መሐንዲሱ ፈታው! አባትየው ነጻ ወጣ!»

«እሱ ጥገና ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች መምህሯ። ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቀችው።

«ይለያያል» አልኩ።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ እጄን አየሁት። ንጹሕ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለኝም።

አሁን የደስታዬን ነገር ስሚ፤ እንግዳ ነገር ነውና። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን መንገድ ላይ ብቻዬን «ሆ!» እያልኩ ነው የሄድኩት፤ አንድ ሰው ዞሮ አየኝ። ምክንያቱም ቁጥር 17 ትዝ አለኝ። በቀይ እርሳስ፣ በራሴ እጅ፦ «ከሞተር ክፍል የወጣ ሰው አንሶላ ከያዘ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ይስተካከል።» የታሪኩን ልብ ነው ይስተካከል ያልኩት! ባለሙያ ነኝ ብዬ፣ ታሪኩ የቆመባትን አንዲት ብሎን እንድትፈቺ አዘዝኩሽ። አንቺ ደግሞ አልፈታሽም። ዝም አልሽ እንጂ አልፈታሽም። ልጄ ይህን ያህል ጸሐፊ ናት! በአንድ ነጭ ጨርቅ! ይህን ሳላውቅ ልሞት ነበር እኮ።

ደስታው እስከ ቤቴ በር አደረሰኝ። በሩ ላይ ቆመ። ቁልፉን ስፈልግ ሌላ ነገር መጣብኝ። አርባ አንዱን እርማት በሐሳቤ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስለ ቀለም አለ። ስለ ገመድ አለ። ስለ ጭነት ልክ አለ። ስለ ሰዓት ግን አንድም ቃል የለም። አባትየው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ ብለሻል፤ ያንን አላረምኩም። ሊፍቱ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር ብለሻል፤ ያንንም አላረምኩም።

ረቡዕ የሆስፒታሉ የወር ፍተሻ ቀን ነበር። ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ የድሮ መዝገቦቹ ያሉበትን ካርቶን አወረድኩ። ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የኔ ነው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ጥሪ፦ 8፡10 ከሰዓት። ችግር፦ የበር መገናኛ አቧራ ይዟል። የተወሰደ እርምጃ፦ በጨርቅ ተጠርጓል። ሊፍቱ መልሶ ሥራ የጀመረበት፦ 8፡25።»

ከሥሩ ፊርማዬ አለ። የዚያን ጊዜ ፊርማዬ ቆንጆ ነበር።

ሞተር ክፍሉ ውስጥ የተገለበጠ ሣጥን ነበረ፤ አሁንም አለ። ተቀመጥኩበት። ሞተሩ አጠገብሽ ሲነሣ ወለሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚቆም በድምፁ ነው የምናውቀው። አራተኛ ፎቅ ሲቆም አጭር ትንፋሽ አለው። እናትሽ በሞተችበት ቀን ከሰዓት፣ እዚያው ሣጥን ላይ ሆኜ ስቆጥር፣ ዐሥራ ሰባት ጊዜ አራተኛ ፎቅ ቆሟል።

ከእናትሽ ክፍል ውጪ፣ በሊፍቱ በር ትይዩ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ አንቺ እየወጣሽ እዚያ ትቀመጪ ነበር። ሊፍቱ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሰው ሲያወርድ፣ አንቺ ፊት ለፊቱ ነበርሽ። ከዚያ ተነሥተሽ ትገቢና «እየሠራ ነው» ትዪያት ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደብተሬን አስረከብኩ። ባዶውን ሞልቼዋለሁ። «ሰቀቀን፦ አንድ ሰው በሰቀቀን ሣጥን ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ትንፋሽ ቆጠረ።» መምህሯ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከጎኑ ትንሽ ምልክት አደረገችና ከሥሩ «ሰው አለበት» ብላ ጻፈች። ለዚህ ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው። በስድሳ ሦስት ዓመት መጀመሪያ ያገኘሁት ምልክት ነው፤ ጸጉር አስተካካዩ እስኪቀናብኝ አሳየሁት።

እንግዲህ መልሴ። ይታተም። እንዳለ ይታተም። ፈራሁ ወይ ካልሽ፣ ፈርቻለሁ። ረዳቴ ያነበዋል። የሆስፒታሉ ሰዎች ያነቡታል። አንዱ ብልጥ አንባቢ ወረቀት ቆጥሮ፣ ዓመት ቆጥሮ ወደኔ ይመጣል። ይምጣ። በሚመጣው ቅዳሜ ስምሽን የሸፈንኩበትን ወረቀት ክፍሉ ፊት እነሣዋለሁ፤ «የልጄ ነው» እላለሁ። እትዬ ያኔ ጃኬቴን ሳይሆን እኔን ያዩኛል። ምን እንደሚሉ አላውቅም።

እርማቶቹን ቅደጃቸው። ግን… ሊፍቱ የሚጭነው ስምንት ሰው ነው። ቁጥር 3ን ብቻ፣ ካላስቸገረሽ። ዐሥር ሰው ከገባበት ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሙያተኛ አንባቢ ይስቅብሻል። ካልፈለግሽም ተዪው። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሊፍት ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል ሰው ጫኚበት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዛሬ ጠያቂው እኔ ልሁን። እናትሽ ሦስተኛ ጊዜ ያልጠየቀችው ደክሟት ነው? ወይስ ዐውቃ? እውነቱን ብትነግሪኝ እችለዋለሁ። ካልቻልሽም፣ በታሪክ ጻፊልኝ፤ አሁን ማንበብ ዐውቃለሁ።

የምትጽፊበት ጠረጴዛ ብርሃን አይጣ። እጅሽ አይዛል፣ ዐይንሽ አይድከም። በሄድሽበት በር ሁሉ የሚከፍትልሽ ሰው አይጥፋ፤ ያዘነብሽ ሰው ካለ ፈጣሪ ልቡን ያራራልሽ፤ ያሳዘነሽ ሰው ካለ ደግሞ ለመማር ዕድሜ ይስጠው። ለኔ እንደሰጠኝ።

አባትሽ፣
የቅዳሜው ተማሪ

እርማት ቁጥር 17፦ ያለአግባብ የተጻፈ ነው፤ ይሰረዝ። አንሶላው ነጭ ነበር።